የዶክተር ፍራንክሊን መስኮት

ሰሞኑን "ይሁን እንጂ" የሚባል ነገር አስጠልቶኛል። ያስጠላኝ አንድ መጽሐፍ ነው። ስለ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተጻፈ፣ ከስድስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ የሕይወት ታሪክ። አዎ፣ መቶ ዶላር ላይ ያለው ሰውዬ። ብዙ ሰው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበረ ይመስለዋል። ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ውጭ ግን ያልሆነው ነገር ያለ አይመስልም።

ደራሲው ሰውየውን ይወደዋል። ይውደደው። የማይወዱትን ሰው ይዞ ስድስት መቶ ገጽ መክረምም ጣጣ ነው። ችግሩ፣ ፍራንክሊን ባጠፋ ቁጥር ቀጣዩ አንቀጽ በ"ይሁን እንጂ" ይጀምራል። ጥፋቱ አንድ መስመር፣ ማስተባበያው ሦስት ገጽ።

ትናንት ማታ ሚስቱ ሞተች። ዲቦራ ትባላለች። ባሕር መሻገር ስለምትፈራ አብራው አልሄደችም። እሱ በ1764 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የፔንሲልቬኒያን ጉዳይ ሊያስፈጽም ለንደን ወረደ። በዚያው አስር ዓመት ቀረ። በመሃል ታመመች። መቼ ነው የምትመጣው እያለች ጻፈች። እሱም በቅርቡ እያለ መለሰ። በ1774 መጨረሻ ላይ አረፈች። እሱ ፊላዴልፊያ የገባው ከወራት በኋላ ነው። እኔ እዚህ ጋ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ልተክዝላት አሰብኩ። ደራሲው ፋታ አልሰጠኝም። ይሁን እንጂ ብሎ፣ ሰውየው ለንደን ቁጭ ብሎ ለአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የዋለውን ውለታ መዘርዘር ጀመረ።

ይሄን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ነው። ሣጥኑ ወርዶ አፈር ከመልበሱ በፊት አንዱ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ የሚያነበው። በኛ አገር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። የሚሞተው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። ያስቸገሩን ሰዎች የት እንደሚቀበሩ ግራ ይገባኛል።

አንድ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ነፍስ ይማር፣ ስማቸውን አልጠራም። "እስከ ደመወዝ" ብለው ገንዘብ ወሰዱብኝ። በየትኛው ደመወዝ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አላብራሩም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከኔ ይልቅ እሳቸው ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። "ምነው ጠፋህ?" ይሉኛል። እኔ ነኝ የጠፋሁት! ቀብራቸው ላይ ቆሜ ወረቀቱ ሲነበብ፣ "አደራ ጠባቂ" የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ከጎኔ የቆመ አንድ የማላውቀው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ለካ እሱም አበድሯል። ድንኳኑ ውስጥ አብረን ተቀምጠን ንፍሮ ቃምን፤ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተነፈስንም።

ይሄን ቂም አሁን ያስታወሰኝ ፍራንክሊን ራሱ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ቨርነን የሚባል ሰው፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለኝን ሠላሳ አምስት ፓውንድ ተቀብለህ አስቀምጥልኝ ብሎ አደራ ሰጠው። ፍራንክሊን ተቀበለ። ከዚያ ኮሊንስ የሚባል ጓደኛው መጠጥ ወዳጅ ሆነና ትንሽ ትንሽ እያለ ከዚያው ገንዘብ ይበደረው ጀመር። ኮሊንስ ወደ ባርቤዶስ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ፍራንክሊን ባለገንዘቡ መቼ ይጠይቀኝ ይሆን እያለ ሲሳቀቅ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሰውየው ጠየቀ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አለው፤ ከዚያ ከነወለዱ ከፈለ።

ከነወለዱ! ጎረቤቴ ይሄን ሳያነቡ መሞታቸው ቆጨኝ።

የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ይሄን ታሪክ የምናውቀው ፍራንክሊን ስለጻፈው ነው። አርጅቶ የራሱን ሕይወት ሲጽፍ፣ ከትልልቅ ጥፋቶቼ አንዱ ብሎ አስቀምጦታል። ዲቦራንም እንዲሁ። ከመጋባታቸው በፊት፣ በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ የጻፈላት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ አልመጣም የሚል። ይህንንም ጥፋቴ ብሎ መዝግቦታል። ሰውየው በገዛ እጁ አጥፍቻለሁ ብሎ የፈረመውን፣ ይሄ ደራሲ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መጥቶ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው የሚሰርዝለት?

ሁለገብነቱ ላይ ግን ከደራሲው ጋር አልጣላም። የምወደው ተረት አለ፤ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" የሚል። ፍራንክሊን ሁለት አይደለም፣ ደን ነው የተከለው። አባቱ ሳሙናና ሻማ ሠሪ ናቸው፤ አስራ ሰባት ልጆች ወልደዋል፣ እሱ አስራ አምስተኛው ነው። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በአስራ ሁለት ዓመቱ ለወንድሙ ማተሚያ ቤት በውል ተሰጠ። በአስራ ስድስት ዓመቱ በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስም እየጻፈ፣ ማታ ማታ በማተሚያ ቤቱ በር ስር ያስገባ ነበር። ወንድሙ ማን እንደጻፈው ሳያውቅ ጋዜጣው ላይ ያወጣዋል። እሱ እዚያው ፊደል እየለቀመ፣ ሰዎች ጽሑፉን ሲያደንቁ ይሰማል። ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው። ከዚያ መብረቅ ኤሌክትሪክ ነው ያለበት ምርምር አለ፣ የእሳት አደጋ ቡድኑ አለ፣ በ1751 የተመሠረተው ሆስፒታል አለ፣ ቅርቡንም ሩቁንም የሚያሳይ መነጽር አለ። በመብረቅ መከላከያው ላይ የፈጠራ መብት አልጠየቀም። በ1759 ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ዶክተር ፍራንክሊን ተብሎ ቀረ። የክብር ዶክትሬት ተቀብሎ ዶክተር መባል የኛ ፈጠራ መስሎኝ ነበር።

ይሄን ሁሉ ያበላሹብኝ የስኬት አሰልጣኞች ናቸው። በየአዳራሹ ስላይድ ላይ ፍራንክሊንን የሚሰቅሉት። አስራ ሦስቱን በጎ ምግባሮቹን ይደረድሩና በጊዜ ተኝቶ በጊዜ ስለ መነሣት ይሰብኩናል። በትንሽ ደብተር ሰንጠረዥ አስምሮ፣ በየቀኑ ላጠፋው ጥፋት ጥቁር ነጥብ ያደርግ እንደነበር ይነግሩናል። እውነት ነው። የማይነግሩን ቀሪውን ነው። መጀመሪያ አስራ ሁለት ነበሩ። አንድ ኩዌከር (የክርስትና ሃይማኖት ወገን ነው) ወዳጁ፣ ሰው ሁሉ ትዕቢተኛ ነው ይልሃል ቢለው ጊዜ ትሕትናን አስራ ሦስተኛ አድርጎ ጨመረ። ሥርዓት የሚለው፣ እቃን በቦታው ማስቀመጥ ማለት ነው፣ ጨርሶ አልሆነለትም። ትሕትናንም ቢሳካልኝ ኖሮ በትሕትናዬ እኮራ ነበር ብሎ ራሱ ቀልዷል። በጊዜ መነሣቱን በተመለከተ፣ በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዝዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ፓሪስ አብሮት በኖረ ጊዜ፣ ሰውየው ቁርስ የሚበላው አርፍዶ ነው፣ ከቁርስ በኋላ ደግሞ እንግዳ ይጎርፋል፣ ሥራ መቼ ይሠራል ብሎ አማሯል። አሰልጣኞቹ ይሄን ስላይድ ምነው ዘለሉት?

አዳምስን ካነሳሁ መስኮቱን ሳልናገር አላልፍም።

ሴፕቴምበር 1776 ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻነቷን ካወጀች ሁለት ወር ቢሆን ነው። ፍራንክሊንና አዳምስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሃው ጋር ሊደራደሩ ወደ ስታተን አይላንድ እየሄዱ ነው። ኒው ብራንስዊክ ሲደርሱ ማደሪያው ሁሉ ሞልቷል። ለሁለቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ትንሽ መስኮት። አዳምስ የሌሊት ንፋስ ይፈራል። ሄዶ መስኮቱን ጥርቅም አደረገ። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ከአልጋው ሆኖ፣ አትዝጋው፣ እንታፈናለን አለ። አዳምስ ብርድ እፈራለሁ ቢለው፣ ክፈተውና ና ግባ፣ ስለ ጉንፋን ያለኝን ሐሳብ ላስረዳህ አለው። ሐሳቡም ሰው ጉንፋን የሚይዘው ከቀዝቃዛ አየር ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ነው የሚል ነው። አዳምስ ከፈተና ዘሎ አልጋው ውስጥ ገባ። ትምህርቱ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ባክቴሪያና ቫይረስ በሽታ እንደሚያመጡ ባልታወቀበት ዘመን ነው ይሄን የሚለው። አሁን አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ግቡ። ክረምት ነው። ሰው ሰው ላይ ተደርቧል። ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል። መስታወቱ በትንፋሽ ላብ ላብ ብሎታል። ከኋላ አንዱ ያስነጥሳል፣ አፉን ሳይሸፍን። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ አደርጋለሁ። ወዲያው፦

"ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ! ብርድ አስመታኸን እኮ!"

የሚለው ማነው? ያስነጠሰው ነው! እሺ፣ ልከራከረው እዘጋጃለሁ። ከጎኔ ያሉት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ዝጋው እስቲ፣ ይሄ ንፋስ ለምች ነው" ይሉኛል። እናት ሲሉኝ ምን እላለሁ? እዘጋለሁ። ኮሮና የመጣ ጊዜ መስኮት ክፈቱ ተብሎ ተከፍቶ ነበር። ጭምብሉ ሲወልቅ መስኮቱም ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን እኔም ማስነጠስ እጀምራለሁ። ቤት ስገባ፣ "ያን መስኮት ከፍተህ ነዋ!" እባላለሁ። ዳማከሴ ይጨመቅልኛል።

እርግጥ ፍራንክሊን ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍቶ ራቁቱን ይቀመጥ ነበር፤ የአየር መታጠቢያ ይለዋል። እስከዚያ ድረስ አልከተለውም።

ስለ "ይሁን እንጂ" ነበር የጀመርኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቀልዱም ያልቅብኛል። ፍራንክሊን ቤት ውስጥ ባሪያዎች ነበሩ። ጋዜጣው ስለሚሸጡ ባሪያዎች ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ ገንዘብም አገኘበት። እዚህ ጋ ደራሲው በዚያች ቃሉ ዘሎ 1787 ላይ ያርፋል፤ ሽማግሌው ፍራንክሊን የፔንሲልቬኒያ የባርነት አስወጋጅ ማኅበር ፕሬዝዳንት የሆነበት ዓመት። በ1790፣ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ባርነት ይቅር የሚል አቤቱታ ፈርሞ ለኮንግረስ ልኳል። ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን በመሃል ያለፉት አሥርት ዓመታት የሆነ ሰው ዕድሜ ናቸው።

ለምሳሌ ኪንግ አለ። በ1757 አባትና ልጅ ለንደን ሲሄዱ ይዘዋቸው ከሄዱት ሁለት ባሪያዎች አንዱ፣ የልጁ የዊልያም አገልጋይ። እነሱ ገጠር ሲሄዱ ጠብቆ ጠፋ። ሰፎክ ውስጥ አንዲት እመቤት ቤት ተገኘ። ትምህርት ቤት አስገብታው ማንበብና መጻፍ ተምሯል፤ ቫዮሊንና ጥሩምባ መጫወትም ለምዷል። ይሄንንም ፍራንክሊን ራሱ ነው ለዲቦራ የጻፈላት። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ኪንግ የደረሰው አንድ መስመር ተኩል ነው። የኔ ምርጫ ቢሆን ስድስት መቶውን ለኪንግ እሰጥና ለዶክተሩ መስመር ተኩሉን እተውለት ነበር። ቫዮሊኑን ማን አስተማረው? ከዚያስ ወዴት ሄደ?

መጽሐፉን ያዋሰኝ ጓደኛዬ አሁን ደግሞ "የት ደረስክ?" ብሎ ጻፈልኝ። ፓሪስ ልገባ ነው። ሰውየው ሰባ ዓመቱ ነው፣ የጸጉር ቆብ አጥልቋል፣ የፈረንሳይ ወይዛዝርት ዙሪያውን ከበውታል። ደራሲው ብዕሩን እየሳለ እንደሆነ ከዚህ ይታየኛል።