ተጠባባቂ ኳርተርባክ ላይ ለምን ይቀለዳል?

የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች በአንድ ነገር ያበሽቁኛል። ለዋና ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን ለሚመራው ተጫዋች፣ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ የሚከፍሉ አሉ። ተጠባባቂው ጋ ሲደርሱ ግን "ማንም ይሁን" ነው ነገሩ።

በየኦገስቱ ለሁለተኛው ቦታ ፉክክር አለ ይሉናል። የምን ፉክክር? ልምምድ ላይ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው እጅ ነው። ተጠባባቂዎቹ የተረፈችውን ደቂቃ ይሻማሉ። በዝግጅት ጨዋታ ሲገቡም ከፊታቸው ቆሞ የሚከላከልላቸው ራሱ ተጠባባቂ ነው። እሱም ጨዋታ ከ2021 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ክለቦች ከአራት ወደ ሦስት ወርዷል። ታዲያ በምን ሊመዘኑ ነው?

በጃንዋሪ 2023 ሳንፍራንሲስኮ ፊላደልፊያ ላይ የደረሰበትን እዩ። ለሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ ለሱፐር ቦውል፣ አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። ኳርተርባኩ ብሮክ ፐርዲ ገና በመጀመሪያው ሩብ ክርኑን ተጎዳ። ተጠባባቂው ጆሽ ጆንሰን ገባ፤ እሱም ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። ሌላ ሰው የለም! ፐርዲ እጁ በቅጡ መወርወር ሳይችል ተመልሶ ገባ። 31 ለ 7 ተሸነፉ። የዓመት ልፋት ገደል ገባ። ሊጉ ለአደጋ ጊዜ ሦስተኛ ኳርተርባክ እንደገና የፈቀደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ የኒውዮርክ ጄትስ ክለብ ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ክለቡ ዓመቱን በ10 ሽንፈት ጨረሰ። ደጋፊው ምን በደለ?

ኒክ ፎልስ እኮ ተጠባባቂ ነበር! በ2018 የነቶም ብሬዲን ቡድን 41 ለ 33 ረትቶ ለፊላደልፊያ ዋንጫ ያመጣው እሱ ነው። ይህን እያዩ ዛሬም ለሁለተኛው ሰው ልምምድ ይሰስታሉ። እንዴት አያናድድም?