ካባ ለባሹ ፍሪጅ

ፍሪጅ ወጥ ቤት ይቀመጣል ያለው ማን ነው? እንግዳ ወጥ ቤት አይገባ! የአዳማ ሰው ይህ ቀድሞ ስለገባው ፍሪጁን ሳሎን፣ ቡፌው አጠገብ አቁሞታል። ከበር ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀበልዎት እሱ ነው።

አመጣጡስ ቢሆን! ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጋድሞ ይመጣና በእልልታ ወርዶ ወዲያው ይሰካል። ሲጋደም የኮምፕረሰሩ (የሞተሩ) ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ስለሚሄድ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰዓታት ማረፍ፣ ረጅም መንገድ ተጋድሞ ከመጣም ማደር ነበረበት። ግን ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ ዘይት እስኪመለስ ይጠበቃል እንዴ?

ከዚያ ማልበስ ነው። የፋብሪካው ፕላስቲክ አይላጥም፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ሙጫው በሙቀት ይደርቅና ልላጠው ቢሉም አይላጥም። ከስር ፎሙ አይወጣም፤ ወለል ሲታጠብ እግሩ እንዳይረጥብ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ከታች አየር ቢያጣም ይቻለው። ከላይ እስከ ጎን የሚወርድ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ ስታቢላይዘር፣ የፕላስቲክ አበባና የልጅ የምርቃት ፎቶ። ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ቦታ ለባዶ አየር መስጠት ብክነት ነዋ። የብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ሙቀት የሚወጣው በጎናቸው ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ነው። እናም በአዳማ ሙቀት ሰው ሸሚዙን ሲያወልቅ ፍሪጁ ካባ ደርቦ ያልበዋል። ጎኑን የነካ ሁሉ «ውይ፣ ትኩሳት አለው» ይላል፤ ካባውን የሚያወልቅለት ግን የለም።

ሃይማኖተኛም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይነቀላል፣ በሩም ግጥም ተደርጎ ይዘጋል። ከከተማው ዳር 136 የነፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ፤ እሱ ጾም ላይ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሩ ገርበብ ቢል ባልሸተተ ነበር፤ ግን እርጥበቱ ውስጡ ታፍኖ በ55 ቀን የበሩ ጎማ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል።

የፋሲካ ለታ ይሰካል። ከቀናት በፊት ተሰክቶ ባዶውን ቢቀዘቅዝ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ገና ሳይቀዘቅዝ የቅርጫው ሥጋ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ይገባበታል፣ ጎኑ ትኩስ የዶሮ ወጥ ድስት። ትንንሽ ተደርጎ ቢከፋፈል ቶሎ በቀዘቀዘ፤ ተቆልሎ ሲገባ ዳሩ በረዶ ሲሠራ መሀሉ ለብ ብሎ ያድራል። ጠዋት ሲሸት ጥፋቱ የመብራት ነው።

ጠጋኙ ይጠራል። ገና አረፍ ሳይል «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። ጋዝ እንደ ላምባ እየነደደ አያልቅም፤ ቱቦው ካልተበሳ ያው የፋብሪካው ጋዝ እየዞረ ይኖራል። ቢሆንም ይሞላል፣ በሚዛን ሳይሆን በግምት፣ ይከፈላልም። ዳንቴሉ? ለጠጋኙ ክብር ሲባል ትናንት ታጥቦ ተተኩሷል።