ማስተካከያ፦ ደሴ ላይ ለሚታፈን የቆየ ሞተር ሳይክል

ባለፈው የጥገና ጽሑፍ «ኮምቦልቻ ደህና ይሠራ የነበረ ሞተር ደሴ ሲወጣ ጉልበት ካጣ፣ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) የቤንዚን ቀዳዳ በሽቦ አስፉት» ተብሏል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ያው የቤንዚን መጠን ለሞተሩ ይበዛበታል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ) ፈታችሁ እዩት፤ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው። ካልተሻለው፣ የካርቡሬተሩን መርፌ የያዘችውን ትንሽ ቀለበት አንድ እርከን ወደ ላይ አውጡ። መርፌዋ ዝቅ ትልና ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሙሉ ጋዝ ላይ ብቻ የሚታፈን ከሆነ ግን ቁጥሯ አነስ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ (ተፈትታ የምትቀየር ትንሽ ዕቃ ናት) ገዝታችሁ ቀይሩ። በሽቦ የተፋቀች ቀዳዳ ተመልሳ አትጠብም፤ ቤንዚን ስታባክን ትኖራለች።

ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የምትቆዩ ከሆነ ወደ ነበረበት መልሱት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተኑም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

የፊልትሮውና የካንዴላው ምርመራ ለቤንዚን ውሃ መሳቢያና ለሣር ማጨጃም ያገለግላል።