ቆረቆር በነጭ ሽንኩርት አይድንም

እህቴ፣ «የልጁን ፀጉር ላጭታችሁ ነጭ ሽንኩርት ቀቡት፣ ቆረቆሩ በሳምንት ይጠፋል» ብለው የጻፉት መታረም አለበት። ቆረቆር የሚመጣው ከፈንገስ ነው፤ ፈንገሱም የራስ ቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ፀጉሩ ውስጥ እስከ ሥሩ ይገባል። ምላጭም ቅባትም እዚያ አይደርሱም። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት የሚዋጥ ነው። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት በልጁ ክብደት ተለክቶ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። በሁለተኛው ሳምንት «ዳነ» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ፣ የወንድሜን ልጅ ጭንቅላት በእጄ ይዤ አይቻለሁ፦ ክብ ቅርፊት፣ ከሥራቸው ተቆርጠው ጥቁር ነጠብጣብ የመሰሉ ፀጉሮች፣ በዙሪያው ሽንኩርቱ ያወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነበር ያደረው። ያን ሥቃይ ሌላ ሕፃን እንዲያየው አልፈልግም።

ማበጠሪያና ኮፍያ አያዋውሱ፤ አብረውት የሚተኙትን ልጆችም ያስመርምሩ። አብጦ መግል ከያዘ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ጠባሳ ከተወ እዚያ ቦታ ፀጉር ላይበቅል ይችላል።