ከቨርጂኒያ የሚላከው ምክር ጅማ ላይ ለምን አይሠራም

ጅማ ላይ ዘመድ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል ሲጎዳ ከውጭ የሚደወለው ስልክ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብና «ክሰሱ፣ በዋዛ እንዳትለቁት» የሚል ምክር። ገንዘቡ ሥራውን ይሠራል። ምክሩ ግን በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሕግ የተቃኘ ስለሆነ ቤተሰቡን በማይጠቅመው ነገር ያደክመዋል።

የጥፋትን ጉዳይ እንውሰድ። በሁለቱ ግዛቶች ተጎጂው ለአደጋው አንድ በመቶ እንኳ አስተዋፅኦ አድርጓል ከተባለ ካሳው ጨርሶ ሊቀርበት ይችላል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ጨካኝ ደንብ ትተው ጥፋቱን በመቶኛ ያካፍላሉ፤ ሐበሻው በብዛት የሰፈረበት አካባቢ ግን ይዞት ቀርቷል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ሲያላላው ለመኪና ነጂው እንዳለ ትቶታል። ስለዚህ እዚያ «አደጋው ቦታ ላይ ይቅርታ እንዳትል፣ ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ በሚቀዳ ስልክ ቃል እንዳትሰጥ» የሚለው ምክር ትክክል ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናው ካልተሰረቀ በቀር ሌላ ሰው ሳይፈቀድለት ነድቶት ነበር ማለት አያድነውም። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ካሳው ይቀነሳል፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ከሆነ ይቀራል፤ ይህን የሚያስረዳው ግን ባለቤቱ ነው። ለእግረኛ የጅማው ሕግ ከቨርጂኒያው ይሻላል ቢባል የሚያምን ዳያስፖራ ጥቂት ነው። ከአጂፕ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ለተገጨ እግረኛ፣ ቤተሰቡ «ማን አጠፋ» እያለ ከባጃጅ ነጂው ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውልበት ምክንያት የለም። ተሳፋሪ የነበረ ሰው ግን ክሱ በማጓጓዣ ውል ስለሚታይና የራሱ ገደብ ስላለው፣ ጠበቃው አስቀድሞ ይህን መለየት አለበት። በነፃ ሊፍት የተሳፈረም የነጂውን ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ትልቁ ልዩነት የካሳው ስሌት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥቃይ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ልጅ ማንሳት አለመቻሉ፣ ፍርሃቱ ሁሉ ይተመናል። በእኛ ሕግ አንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳን ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ አድርጎ ቆልፎታል። አንድ ሺህ ብር በ1952 ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ቀን መድኃኒትም አይበቃም። ይህን አንቀጽ ሕግ አውጪው እስካሁን አለመንካቱ አሳፋሪ ነው። እስኪነካ ድረስ ግን የጅማ ተጎጂ ስለ ሥቃዩ አሥር ገጽ ቢያጽፍ ትርፉ ድካም ነው። ገንዘቡ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በወጪ ደረሰኝና በተቋረጠ ገቢ።

የተቋረጠ ገቢ ብዙ ጊዜ የሚሰላው የወር ገቢን በ12፣ ከዚያ በቋሚ የአካል ጉዳት መቶኛ፣ ከዚያ በቀሪው የሥራ ዘመን በማባዛት ነው። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የ35 ዓመት ሰው 20 በመቶ ጉዳት ቢወሰንለትና እስከ 60 ዓመቱ ይሠራል ቢባል 360,000 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ሊቀንሰው ይችላል፤ መነሻው ግን ይህ ነው። እዚህ ላይ የባጃጅ ነጂው፣ የቡና ለቃሚውና የጉሊት ነጋዴዋ ችግር ይመጣል፤ ደመወዝ የሚያረጋግጥላቸው የለም። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤና ምስክር ያስፈልጋል። ለገቢዎች በወር 1,500 ብር ብሎ ያስመዘገበ ሰው ፍርድ ቤት ሲደርስ 15,000 አገኝ ነበር ቢል የራሱ ወረቀት ይመሰክርበታል። ወጥመዱ ውጭም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳውን እያንዳንዱን ማይል በ67 ሳንቲም ቀንሶ ግብር ያሳወቀ የኡበር ነጂ የተጣራ ገቢው ከእጅ ወደ አፍ ሆኖ ይገኛል፤ የቀረብኝ ደመወዝ ይከፈለኝ ሲል ኢንሹራንሱ የሚያወጣበት ያንኑ የግብር ቅጽ ነው።

መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ የሚታየውም ሕክምናው ሲያልቅ እንጂ ጀሶ ሳይፈታ አይደለም። ቸኩሎ የሄደ ወይ «ሕክምናው ሲያልቅ ተመለስ» ይባላል፣ ወይ በኋላ የሚመጣው የጉልበት መገተር ሳይቆጠርለት ይቀራል።

ጉዳቱም ራሱ ይለያያል። ቀበቶ ታስሮ ከኋላ የተገጨ የአሜሪካ ነጂ የሚያጋጥመው የአንገት ጅማት መወጠር ነው፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚነሳው። የዲስክ መንሸራተትና ዳሽቦርድ የመታው ጉልበትም የተለመዱ ናቸው። እነዚህ በራጅ ላይ ስለማይታዩ ኢንሹራንሱ የሚከራከረው በቀናት ነው፤ ሐኪም ሳያይ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው «ባይታመም ነው» ይባላል። ጅማ ላይ ባጃጅ በር የለውም፣ ቀበቶ የለውም፤ ሰው ተወርውሮ ይወድቃል። የቅልጥምና የጭን አጥንት ስብራት፣ ብዙ ጊዜም ቆዳ ሰንጥቆ የወጣ፣ እንዲሁም የጭንቅላት ጉዳት ይበዛል። የጭን አጥንት ሲሰበር ደም ሳይታይ ከአንድ ሊትር በላይ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ቆዳ የሰነጠቀ ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መታጠብና ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ይፈልጋል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ደህና ሲያወራ የነበረ ሰው ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት።

ከዚህ በላይ የሚጎዳው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እግር ሲያብጥ ግን ደም አይደርሰውም። ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ። በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ እግር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን ለመሰለ ሆስፒታል እንግዳ ነገር አይደለም። ለካሳውም ጠንቅ ነው፤ የመኪናው ባለቤት «እግሩን ያስቆረጠው መኪናዬ ሳይሆን ወጌሻው ነው» ብሎ ይከራከራል፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም።

ወረቀቱ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ ባጃጁ ከቦታው አይነሳ፤ ተጎጂውን ግን ማንም አይጠብቅ። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክትና የመድን ድርጅቱን ስም በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። አስቸኳይ ሕክምና፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ድረስ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ያው አዋጅ ለሞትና ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ የሚሻሻል ቁጥር ስለሆነ በሥራ ላይ ያለውን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ይሻላል። ጣሪያው ሲያልቅ ቀሪው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ባለቤት ማን ነው ሲባል ደግሞ ነጂው ወይም «ገዝቼዋለሁ» ያለው ሳይሆን ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ባጃጅ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ነጂውን ብቻ ከስሶ የፈረደለት ሰው የሚያስፈጽምበት ንብረት ሊያጣ ይችላል።

ሽምግልና ወይም ጃርሱማ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይከስራል። በመሠረቱ መልካም ነው፤ ነጂውና ተጎጂው በአንድ ሰፈር ሊኖሩ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ሕክምና ከፍሎ «ታርቀናል፣ ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ያስፈርማል፤ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። እርቁ ይሁን፤ ወረቀቱ ግን እስከዚያ ቀን የተከፈለውን ብቻ ይግለጽ፣ ቀሪ ሕክምናና ቋሚ ጉዳት ያልተዘጋ መሆኑን ይጻፍበት። ሽማግሌ እየተመላለሰ ሁለት ዓመት ካለፈም በመርህ ደረጃ የካሳ ክስ በይርጋ ይታገዳል። ቨርጂኒያም ሁለት ዓመት ነው፣ ሜሪላንድ ሦስት።

«አሜሪካ ቢሆን ሚሊየነር ትሆን ነበር» የሚሉ ሰዎች የመጨረሻውን ቼክ አላዩም። በ30,000 ዶላር ስምምነት ላይ ጠበቃው ብዙ ጊዜ አንድ ሦስተኛውን፣ ክስ ከተከፈተ እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ሆስፒታሉና የጤና ኢንሹራንሱ ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፤ 9,000 ዶላር ቢወስዱ ለተጎጂው 11,000 ይቀረዋል፣ ከዚያም የመዝገብና የማስረጃ ወጪ ይቀነሳል። ገጪው የሜሪላንድን ዝቅተኛ ኢንሹራንስ ብቻ ከያዘ ለአንድ ሰው ጉዳት ያለው 30,000 ዶላር ነው፤ የተሰበረው አጥንት የፈለገውን ያህል ቢበዛም።

ጅማ ላይ ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ፤ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችልም በድኅነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ከውጭ በአማርኛ ተጽፎ በቴሌግራም የሚላክ የክስ ረቂቅ እንደገና መጻፉ አይቀርም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለመድን ፈንድ ነው፤ እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው አደጋው ለትራፊክ ፖሊስ በጊዜው መመዝገቡ ነው።