ውዳሴ ሲስተም

ባለፈው ማክሰኞ እኛ ሰፈር፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዲት ወረቀት ላይ ማኅተም ላስመታ ሄጄ የገጠመኝን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ሲስተምን።

እንግሊዞች በቃላቸው ብዛት ይኮራሉ። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1989 የታተመው ባለ 20 ጥራዝ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት «ሴት» ለምትባል አንዲት ግስ (የእኛዋን ሴት ማለቴ አይደለም፤ «ማስቀመጥ» የምትለዋን ነው) 430 ያህል ትርጉም ደርድሮላታል። ምስኪኖች! አዘጋጆቹ አንድ ጠዋት እኛ ጋ ተሰልፈው ቢሆን ኖሮ ሃያ አንደኛውን ጥራዝ ለሲስተም ብቻ ይለቁላት ነበር።

መብራት ሲጠፋ ሲስተም የለም። መብራቱ ኖሮ ኔትወርኩ ሲጠፋም ሲስተም የለም። ሁለቱም ኖረው የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባልደረባ ለቅሶ ከሄደም ሲስተም የለም። የአባትዎ ስም በ«ጸ» ፈንታ በ«ፀ» ከተጻፈ ሲስተሙ አይቀበልም። ለምሳ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሲስተሙ ይጨናነቃል። ጉዳዩን «በሲስተም» የሚጨርስ ሰው ብቅ ሲል ግን ያ የሞተው ሲስተም እንደ አልዓዛር ይነሣል። የቃሉ ሥር ግሪክ ነው፤ «በአንድነት ማቆም» ከሚል የመጣ። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተቀብለው ለፀሐይና ለፕላኔቶች፣ ለነርቭና ለምግብ መፍጫ አዋሉት። ወደ ጥንተ ትርጉሙ የመለስነው እኛ ነን፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በአንድነት ቆመናል።

ከፊቴ ነጠላ ያጣፉ እናት ነበሩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «እማማ፣ ሲስተም ሄዷል» ስትላቸው «በሰላም ይመልሰው» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቆየት ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ልጄ፣ ሩቅ ነው እንዴ የሄደው?»

እውነታቸውን ነው። የሚነገርለትን ሁሉ አሰባስቡት፤ ሰውየው ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይደክመዋል፣ እምቢ ይላል። መኖሪያው መሀል ከተማ ይመስለኛል፤ ወደ ዳርቻው መምጣት የሚከብደው በጭቃው ነው። ሐምሌና ነሐሴን ለጫማው ሲል ከቤት አይወጣም። ጨክኖ የወጣ ቀንም ቃሊቲ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይይዘውና 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ቡናውን ይጠጣል፣ ሁለት ሰው ያስተናግዳል፣ ከዚያ ራሱን ያመዋል። አማቹ አርሲ ናቸው መሰለኝ፣ በየሳምንቱ ይታመማሉ። ዓርብ ከሰዓት ያው ዓርብ ነው። ሰኞ ደግሞ ከዓርብ ገና አልተመለሰም። ቅጣት በሚከፈልበት መስኮት ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ እዚያ ገና በሩ ሳይከፈት ፊቱን ታጥቦ ይጠብቃችኋል።

ከኋላዬ የቆመው ወጣት ግንበኛ ነው። ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ ደርቋል። ሲመላለስ ይህ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የሦስት ቀን ምንዳ ቀረበት ማለት ነው። እዚህ ላይ መሸሞጥ አቃተኝ። ኮምፒውተር ይበላሻል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን እስክሪብቶ ነበር፣ መዝገብ ነበር፤ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ተቀብሎ «ሲስተካከል እንደውልልሃለን» ማለትም ነበር። ማንም አላለውም። ሲስተም በአማርኛ ሥርዓት ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ የሚይዙትም ለዚህ ይመስለኛል፤ «ሥርዓት የለም» ብሎ በገዛ መስኮቱ ላይ የሚለጥፍ ደፋር ከየት ይመጣል?

ይቅርታ፣ ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። መስኮቱ ላይ በክር የተንጠለጠለች ማስታወቂያ አለች፤ «ዛሬ ሲስተም የለም» ትላለች። ዝናብና ፀሐይ እንዳይጎዳት ላሚኔት ተደርጋለች። ጠርዟ ከአገልግሎት ብዛት ተላልጧል፤ «ዛሬ» የምትለዋም ቃል ደብዝዛ ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ተደግማ ተጽፋለች።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው ወንበሮቹን ማስገባት ጀመረ። እናትየዋ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ከመጣ፣ አንዲት ባልቴት ፈልጋህ ነበር በይልኝ።»