ካሳና ደረሰኝ፦ ሜሪላንድና ደብረ ሲና

እዚህ ሜሪላንድ በየዓመቱ ጥር ላይ በፖስታ የሚመጣ ወረቀት ወገኖቻችንን ያስደነግጣል። የጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሶፋቸው ተበላሸ፤ ኢንሹራንስ ካሳ ከፈለ። ከዚያ አንዳንዴ ፎርም 1099 (ከደሞዝ ውጭ የተከፈለ ገንዘብ የሚመዘገብበት የግብር ቅጽ) ይከተላል፤ ጉዳት የተካሰበት ገንዘብ ገቢ መስሎ ይቀርባል። ደንግጠው በሙሉው ላይ ግብር የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል፤ ሕጉ ያንን አይጠይቅምና።

አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) የሚያየው ዕቃው ስንት ተገዛ የሚለውን ነው። በ900 ዶላር የተገዛ ሶፋ በ700 ቢካስ ትርፍ የለም፤ ግብርም የለም። በ1,100 ቢካስ ትርፉ 200 ነው፤ እሱም ቢሆን በጊዜ ገደቡ ውስጥ ካሳውን ሙሉ በሙሉ ምትክ ዕቃ ከገዙበት ግብሩ ሊዘገይ ይችላል። ካሳው ሲዘገይ የሚታከል ወለድ ግን እንደ ገቢ ይታያል። የፎርሙ ቅጂ ለአይአርኤስም ስለሚደርስ ዝም ማለት አያዋጣም፤ የዕቃውን ደረሰኝ ይዞ ማስረዳት ነው።

አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ ደብረ ሲና ያለውን የአክስቴን የቆሎ ሱቅ ደረመሰው። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን (መኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት) ግዴታ ነው፤ የንብረት ጉዳትንም ይሸፍናል። መድን ሰጪው ግን የገብሱንና የሽምብራውን ደረሰኝ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ የሸጠልኝ ገበሬ ደረሰኝ ከየት ያመጣል?» አሉኝ በስልክ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነበራቸው፤ ጎረቤት በሙሉ ምስክር ነው። የተከፈላቸው ግን ከግማሽ በታች ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። እኔ ፎርም ሲደርሰኝ ባንክ የመዘገበውን ግዢ አወጣለሁ፤ አክስቴ ግን የሚያቀርቡት የሰው ምስክር ነው። የደብረ ሲና ገበያ ደረሰኝ የሌለበት መሆኑን እያወቁ ደረሰኝ አምጡ ማለት ካሳውን መከልከል ነው። ሽማግሌዎች ሱቁ በፈረሰበት ሳምንት ተቀምጠው ዕቃውን በየዓይነቱና በየዋጋው ቢመዘግቡት፣ ቀበሌም ማኅተም ቢያደርግበት፣ መድን ሰጪዎች ያንን እንደ ማስረጃ ሊቀበሉት ይገባል።